ነጥብን ከነጥብ ሥር፦ አስርዮሽ ቁጥሮችን መደመርና መቀነስ

ተማሪ እያለሁ ፈተና ላይ 12 + 3.4 የሚል ጥያቄ መጣልኝ። ዓይኔን ሳላሽ 4.6 ብዬ ጻፍኩ። እንዴት እንደተሳሳትኩ አሁንም አስታውሳለሁ። 12ን ጻፍኩ፣ 3.4ን ከሥሩ በቀኝ በኩል አስጠግቼ አስቀመጥኩ፣ 12 እና 34 ሲደመሩ 46 መጣ፣ ነጥቧንም ካለችበት ቦታ ዝቅ አድርጌ አወረድኳት። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ከቀዩ ኤክስ አጠገብ አንዲት ጥያቄ ተጽፋለች፦ «12 ይዘህ 3.4 ተጨመረልህ፤ ታዲያ እንዴት 4.6 ቀረህ?»

መልስ አልነበረኝም። የደመርኩት በትክክል ነው፤ 2 እና 4 ስድስት፣ 1 እና 3 አራት። የተሳሳተው አቀማመጡ ነበር።

አስርዮሽ ላይ ሰው የሚሸወደው አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ጋ ነው። መደመሩን ማንም ይችለዋል። ችግሩ ማንን ከማን ሥር እንደምናስቀምጥ ነው። ሙሉ ቁጥር ስንደምር ከልጅነታችን ጀምሮ በቀኝ ጠርዝ እያሰለፍን ስለለመድን እጃችን ሳናስበው ወደዚያው ይሄዳል። ይቺን አንዲት ልማድ ካስተካከላችሁ ሌላው የምታውቁት ስሌት ነው።

ነጥቧ ምን ትሠራለች?

ነጥቧ «ሙሉው እዚህ ጋ አለቀ፣ ከዚህ ወዲያ ያለው ሽርፍራፊ ነው» የምትል ምልክት ናት። ከነጥቧ ወደ ግራ የአንድ ቤት፣ የአስር ቤት፣ የመቶ ቤት እያለ በአስር እጥፍ ያድጋል። ወደ ቀኝ ደግሞ አስረኛ፣ መቶኛ፣ ሺኛ እያለ እያንዳንዱ ቤት ከፊቱ ካለው አስር ጊዜ ያንሳል።

ዩሴን ቦልት በ2009 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሴኮንድ ሮጧል። ይህ ማለት 9 ሙሉ ሴኮንድ፣ 5 አስረኛ እና 8 መቶኛ ነው። እኛ ግን ስናወራ «ዘጠኝ ነጥብ ሃምሳ ስምንት» እንላለን። ለወሬ ምንም አይደለም፣ ለስሌት ግን ጣጣ አለው። ከነጥብ በኋላ ያለውን እንደ ሙሉ ቁጥር ካነበባችሁት 0.12 ከ0.5 የሚበልጥ ይመስላችኋል፣ 12 ከ5 ይበልጣላ! በሜትር አስቡት። 0.5 ሜትር ግማሽ ሜትር፣ 50 ሳንቲሜትር ነው። 0.12 ሜትር 12 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ስሌት ላይ ስትሆኑ ከነጥብ በኋላ ያለውን አንድ በአንድ አንብቡ፤ «ዜሮ ነጥብ አንድ ሁለት»። አፍ ላይ ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ከስህተት ያድናል።

እንግዲህ መደመር ማለት ዓይነቱ አንድ የሆነውን አንድ ላይ መሰብሰብ ነው። አስረኛ ከአስረኛ ጋር፣ መቶኛ ከመቶኛ ጋር። እኔ ፈተናው ላይ ያደረግኩት የ12ን ሁለት (ሁለት ሙሉ) ከ3.4 አራት (አራት አስረኛ) ጋር መደመር ነው። ሁለት ሜትርና አራት ሳንቲሜትር ተደምሮ ስድስት ነው እንደማለት ነው። ስድስት ምን?

አደማመር

እስክሪብቶ ከማንሳታችሁ በፊት በግምት ጀምሩ። 12 ላይ ሦስት ምናምን ሲጨመር 15 አካባቢ ነው። በቃ። ይቺን ወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፏት። አምስት ሴኮንድ አትፈጅም፣ እኔን የዚያን ቀን ታድነኝ ነበር።

ቀጥሎ ቁጥሮቹን ወደ ታች ጻፉ፣ ነጥብ ከነጥብ ሥር ይሁን። 12 ነጥብ የለውም ብላችሁ እንዳትቸገሩ፤ ማንኛውም ሙሉ ቁጥር መጨረሻው ላይ ያልተጻፈች ነጥብ አለችው። 12 ማለት 12.0 ነው። እኔ የምመክረው ከቁጥሮቹ በፊት ነጥቦቹን ወደ ታች አሰልፎ መጻፍ ነው፣ ከዚያ ቁጥሮቹን በግራና በቀኝ መሙላት። ካሬ ካሬ የተሰመረበት ወረቀት ካላችሁ ደግሞ ለነጥቧ አንድ ካሬ ስጧት፣ መንሸራተት የሚባል ነገር አይኖርም።

```
  12.0
+  3.4
------
  15.4
```

ግምታችን 15 ነበር፣ መልሱ 15.4። ተስማሙ።

አሁን ትንሽ ጠንከር ያለ እንሥራ፦ 47.86 + 5.7 + 0.395። ግምት፦ 48 እና 6 ሲደመሩ 54፣ ሦስተኛዋ ግማሽ እንኳን ስለማትሞላ እንተዋት። ወደ 54 የሚጠጋ መልስ እንጠብቃለን።

ሦስቱ ቁጥሮች ከነጥብ በኋላ ያላቸው ርዝመት የተለያየ ነው። አንዱ ሁለት፣ አንዱ አንድ፣ አንዱ ሦስት። ጎደሎውን በዜሮ ሙሉት፦

```
  47.860
   5.700
+  0.395
--------
  53.955
```

ከቀኝ እንጀምር። ሺኛ ቤት ላይ 0፣ 0 እና 5 አሉ፤ 5 እንጽፋለን። መቶኛ ቤት 6፣ 0 እና 9 ናቸው፤ 15። 5 ጽፈን 1 በእጅ እንይዛለን። አስረኛ ቤት 8፣ 7 እና 3፣ 18፤ በእጅ ያለችው ስትጨመር 19። 9 ጽፈን 1 በእጅ። አሁን ነጥቧ ጋ ደረስን፤ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይቆማል። በእጅ ያለችው አንድ ነጥቧን መሻገር ትችላለች ወይ? ትችላለች። አስር አስረኛ አንድ ሙሉ ስለሆነ ያቺ አንድ ወደ የአንድ ቤት ትገባለች። 7፣ 5 እና 0 አስራ ሁለት፣ ከእጅ ጋር 13። 3 ጽፈን 1 በእጅ። 4 እና 1 አምስት። ነጥቧን ከላይ ባለችበት ቀጥ አድርጋችሁ አውርዷት። 53.955።

ስለ ዜሮዎቹ አንድ ነገር ልበል። መጨረሻ ላይ የሚጨመር ዜሮ የቁጥሩን ዋጋ አይለውጥም፤ 5.7 እና 5.700 እኩል ናቸው። መሐል ላይ የገባ ዜሮ ግን ዋጋውን ይለውጠዋል። 5.7ን 5.07 ብትሉት ሰባት አስረኛው ሰባት መቶኛ ሆኖ አረፈው። ዜሮ የምትጨምሩት ሁልጊዜ ከነጥቧ በስተቀኝ፣ ከመጨረሻው ቁጥር በኋላ ነው። ልኬት ላይ ስትሆኑ ደግሞ የመጨረሻዋ ዜሮ የራሷ መልእክት አላት፤ 8.90 ሜትር የጻፈ ሰው «እስከ ሳንቲሜትር ድረስ ለክቼዋለሁ» እያለ ነው፣ 8.9 ግን ያን አይናገርም። ለመደመር ግን ሁለቱም አንድ ናቸው።

ይህ ሁሉ ነገር ከየት መጣ ለሚል፦ ሲሞን ስቴቪን የሚባል የሒሳብ ሊቅ፣ የብሩዥ (የዛሬዋ ቤልጂየም ከተማ) ተወላጅ፣ በ1585 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ቀጭን መጽሐፍ አስርዮሽ በአውሮፓ እንዲለመድ አድርጓል። ነጥብ አልተጠቀመም። ከእያንዳንዱ አሃዝ ጎን ክብ ውስጥ የገባ ቁጥር ይጽፍ ነበር፣ ይሄ የስንተኛው ቤት ነው ለማለት። አድካሚ ነው፣ ግን አንድ ጥሩ ነገር ነበረው፤ አስረኛን ከመቶኛ ሥር የሚያስቀምጥ ሰው ክብ ውስጥ ያለው ቁጥር ወዲያው ያሳብቅበታል። ዋናው መከራከሪያውም ይኸው ነበር፦ በዚህ አጻጻፍ ከክፍልፋይ ጋር ሳንታገል ሁሉንም ልክ እንደ ሙሉ ቁጥር ማስላት እንችላለን።

አቀናነስ

አቀማመጡ ያው ነው፣ ነጥብ ከነጥብ ሥር። እዚህ ግን ዜሮ መሙላት ውዴታ አይደለም፣ ግዴታ ነው። መደመር ላይ ባዶ ቦታ ብትተዉ ብዙም አትጎዱም። መቀነስ ላይ ከባዶ ቦታ መቀነስ ሲመጣ ነው ጉዱ።

በቀላሉ እንጀምር። በ1968 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ሲቲ ኦሎምፒክ ላይ ቦብ ቢሞን በርዝመት ዝላይ 8.90 ሜትር ዘለለ። ከዚያ በፊት የነበረው ክብረ ወሰን 8.35 ነበር። በስንት ሰበረው?

```
  8.90
- 8.35
------
  0.55
```

መቶኛ ቤት ከ0 ላይ 5 አይነሳም፤ ከጎረቤት ከ9 አንድ እንበደራለን። 9 ወደ 8 ይወርዳል፣ 0 ደግሞ 10 ይሆናል። 10 ሲቀነስ 5፣ 5። 8 ሲቀነስ 3፣ 5። 8 ሲቀነስ 8፣ 0። ሃምሳ አምስት ሳንቲሜትር! በርዝመት ዝላይ ሰው በአንድና በሁለት ሳንቲሜትር ነው የሚፎካከረው።

ያ ክብረ ወሰን የተሰበረው በ1991 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ ነው፤ ማይክ ፓወል 8.95 ዘለለ። 8.95 ሲቀነስ 8.90 ስንት ነው? ቸኩሎ 0.5 የሚል አይጠፋም። መልሱ 0.05 ነው፤ አምስት ሳንቲሜትር እንጂ ግማሽ ሜትር አይደለም። አስረኛ ቤት ላይ 9 ሲቀነስ 9 ዜሮ ነው፣ ያቺ ዜሮ ደግሞ መጻፍ አለባት፤ ከተዋችኋት 5ቱ ወደ ፊት ሸርተት ብሎ ቦታዋን ይይዛል።

አሁን የሚያናድደውን እንይ። 6 − 2.47። ብዙ ጊዜ የማየው የተሳሳተ መልስ 4.47 ነው። ሰውየው 6 ሲቀነስ 2 አራት ብሎ «ከ47 በላይ ምንም ስለሌለ እንዳለ ይውረድ» ይላል። አይወርድም! ከላይ ምንም የለም ማለት ዜሮ አለ ማለት ነው፣ 47ቱ ደግሞ ከዚያ ላይ ሊቀነስ የመጣ ነው። 6ን 6.00 አድርጋችሁ ጻፉት።

```
  6.00
- 2.47
------
  3.53
```

መቶኛ ቤት መበደር አለበት፣ ጎረቤቱ አስረኛ ቤት ግን ራሱ ዜሮ ነው፣ የሚያበድረው የለውም። ስለዚህ እሱም ከ6 ይበደራል። 6 ወደ 5 ወረደ፤ አስረኛ ቤት 10 ሆነ። ከዚያ ከ10ሩ አንድ ለመቶኛ ቤት አበድሮ 9 ላይ ቀረ፤ መቶኛ ቤት 10 ሆነ። አሁን 10 ሲቀነስ 7፣ 3። 9 ሲቀነስ 4፣ 5። 5 ሲቀነስ 2፣ 3። 3.53።

ዜሮ ሲበዛ ሰንሰለቱ ይረዝማል እንጂ አሠራሩ አይለወጥም። 5.003 − 1.478ን በዚሁ መንገድ ብትሠሩት 5ቱ 4 ይሆናል፣ መሐል ያሉት ሁለት ዜሮዎች ሁለቱም 9 ይሆናሉ፣ መጨረሻ ላይ ያለው 3 ደግሞ 13 ይሆናል። መልሱ 3.525።

ብድሩን ለሚጠላ ሰው (እኔም እጠላዋለሁ) ማምለጫ አለ። ከ6.00 ላይ 0.01 አንሱና 5.99 አድርጉት። 5.99 − 2.47 ያለ ምንም ብድር 3.52 ነው። ያነሳችኋትን 0.01 መልሱ፣ 3.53። በተለይ የላይኛው ቁጥር ሙሉ ሲሆን ይሄ ዘዴ ግሩም ነው።

ሌላው ወደ ላይ መቁጠር ነው። ከ2.47 እስከ 2.50 ድረስ 0.03፣ ከ2.50 እስከ 3 ድረስ 0.50፣ ከ3 እስከ 6 ድረስ 3። ደምሩት፤ 3.53። ወረቀት ሳይዙ ለማስላት ከዚህ የሚሻል አላውቅም።

የላይኛው ቁጥር ከታችኛው አጭር ሲሆንም ያው በሽታ አለ። 7.3 − 4.58 ላይ 8ን ዝም ብለው አውርደው 2.88 የሚጽፉ አሉ። 7.30 ብላችሁ ከጀመራችሁ ግን 2.72 ታገኛላችሁ። ትልቁን ከትንሹ መቀነስ ሲመጣ፣ ለምሳሌ 2.4 − 5.15፣ ገልብጣችሁ 5.15 − 2.40 ሥሩና መልሱ ፊት የመቀነስ ምልክት አድርጉ፦ −2.75።

መልሱ ልክ መሆኑን ማረጋገጥ

ቀንሳችሁ ከሆነ መልሱን ከቀነሳችሁት ቁጥር ጋር ደምሩት፣ ወደ መጀመሪያው ይመልሳችኋል። 2.72 + 4.58 = 7.30። ልክ ነው። በ2.88 ብትሞክሩት 7.46 ይመጣል፣ ስህተቱ ራሱ ይናገራል።

ግምቱ ደግሞ የነጥቧን ቦታ ይጠብቅላችኋል። ነጥብ አንድ ቤት ስትሸራተት ቁጥሩ በአስር እጥፍ ነው የሚዛባው፣ እንዲህ ያለ ስህተት በግምት ወዲያው ይታወቃል። በ1976 እ.ኤ.አ. ሞንትሪያል ኦሎምፒክ ላይ የ14 ዓመቷ ሩማንያዊት ጂምናስት ናዲያ ኮማኔቺ ከ10 አስር ስታገኝ የውጤት ሰሌዳው 1.00 ብሎ አሳየ። ሰሌዳው 10.00ን የሚያወጣ ቦታ አልነበረውም። አዳራሹ ለአፍታ ግራ ቢጋባም ያየው ትርዒት የአንድ ነጥብ እንዳልነበረ ስለሚያውቅ ነገሩ ወዲያው ገባው። እናንተም መልሱን ከማየታችሁ በፊት ስንት አካባቢ መሆን እንዳለበት ካወቃችሁ ሰሌዳው አያደናግራችሁም።

የሚሸውዱ ነገሮች

ሰዓት አስርዮሽ አይደለም። 2 ሰዓት ከ30 ደቂቃን 2.30 ብላችሁ፣ 1 ሰዓት ከ45ን 1.45 ብላችሁ ብትደምሩ 3.75 ይመጣል፣ ትክክለኛው ግን 4 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው። ሰዓት በ60 ነው የሚሞላው፣ አስርዮሽ በ10። በአስርዮሽ መሥራት ከፈለጋችሁ ደቂቃውን ለ60 አካፍሉት፤ 2.5 + 1.75 = 4.25 ሰዓት፣ ሩብ ሰዓት ደግሞ 15 ደቂቃ ነው።

መለኪያው ካልተመሳሰለ አትደምሩ። 1.2 ሜትርና 35 ሳንቲሜትር ሲደመር 36.2 ምንም አይደለም። 35ን 0.35 ሜትር አድርጉት፤ 1.20 + 0.35 = 1.55 ሜትር።

ነጥብና ኮማም ያጋጫሉ። እንደ ጀርመንና ፈረንሳይ ባሉ አገሮች የአስርዮሽ ምልክቱ ኮማ ነው፤ 3,4 ሲሉ የእኛን 3.4 ማለታቸው ነው። ጀርመኖች 1.234 ብለው ሲጽፉ ደግሞ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሠላሳ አራት ሊሆን ይችላል። ከውጭ የመጣ ሰነድ ላይ ከመደመራችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ እዩ።

ኮምፒውተርስ? ብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች ላይ 0.1 + 0.2 ብላችሁ ብትጠይቁ 0.30000000000000004 ብሎ ይመልሳል። አልተበላሸም። ኮምፒውተር የሚቆጥረው እንደ እኛ በአስር ሳይሆን በሁለት እየሞላ (0 እና 1 ብቻ ይዞ) ስለሆነ 0.1ን በልኩ መጻፍ አይችልም፣ እኛ አንድ ሦስተኛን በአስርዮሽ ጽፈን እንደማንጨርሰው ማለት ነው። በወረቀት የሠራችሁት 0.3 ልክ ነው።

እጃችሁን አፍታቱ

ወረቀት አውጡና እነዚህን ሞክሩ፤ ግምቱን መጀመሪያ መጻፍ አትርሱ።

0.8 + 0.45
15 + 0.06 + 2.9
4.98 + 3.7
10 − 0.01
4.2 − 3.875
100 − 99.09

መልሶቹ በቅደም ተከተል 1.25፣ 17.96፣ 8.68፣ 9.99፣ 0.325 እና 0.91 ናቸው። የመጀመሪያው ላይ 0.53 ያመጣ ሰው እንደ እኔ በቀኝ ጠርዝ አሰልፏል። ሦስተኛውን በጭንቅላት መሥራት ይቻላል፦ 4.98ን 5 አድርጉት፣ 3.7 ሲጨመር 8.7፣ የጨመራችኋትን 0.02 መልሳችሁ አንሱ። የመጨረሻው ላይ 1.09 ከወጣላችሁ 100ን 100.00 ብላችሁ እንደገና ጻፉትና ከቀኝ ጀምሩ።